ያለቀለት ደብተር

በዚህ ዓለም ሰው ያለ አንዳች ፍርሃት ከሚዋሻቸው ውሸቶች አንደኛው «አንብቤዋለሁ» የሚለው ይመስለኛል። «በልቻለሁ» ብሎ የዋሸ ሆዱ ጮሆ ያጋልጠዋል። «ተኝቼ ነበር» ብሎ የዋሸ ስልኩ ያሳብቅበታል። «አንብቤዋለሁ» ያለን ሰው ግን ማን ይፈትሸዋል? ጠያቂው ራሱ ብዙውን ጊዜ አላነበበውም። ሐረር ፈረስ መጋላ ካፌ ደጃፍ ተቀምጠን ስለ መጽሐፍ ስንከራከር አንዳንዴ ዙሪያዬን እመለከትና እደነቃለሁ፤ አምስት ሰው፣ አምስት ማኪያቶ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንባቢ የለም።

እኔ ግን ሐቀኛ ነኝ። (ነበርኩ ብል ይሻላል፤ እንደርስበታለን።) መጽሐፍ እጀምራለሁ፣ ካልጣመኝ የገጹን ጥግ አጥፌ እተወዋለሁ፣ መተዌንም አልደብቅም። ስሜ ፍጹም ነው፤ አትሳቁ። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ ምን እንደምሆን በምን ታውቃለች? የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ቀን የሰው ፋይል ስዘጋ እውላለሁ፣ ቤቴ ስገባ መጽሐፍ እዘጋለሁ።

እስቲ በቅርቡ የተውኳቸውን ላውጋችሁ። አንደኛው ለጡብ የሚሆን ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ዋናው ሰውዬ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ያያል። ሚስቱ ትገባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትወጣለች። ጎረቤት ይገባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይወጣል። እሱ ጣሪያ ያያል። መቶ አርባ ገጽ ሙሉ አልተነሳም! ደራሲውን ባገኘው «ወንድሜ፣ ሰውዬህን ወይ ቁርስ አብላው ወይ ሥራ ላከው» እለው ነበር። መቶ አርባኛው ላይ ጥግ አጠፍኩ።

ሁለተኛው ሕይወትህን በሰባት ቀን ለውጥ የሚል ነው። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ተነስተህ መስታወት ፊት ቆመህ ጮክ ብለህ ሳቅ ይላል። ተነሳሁ፣ ቆምኩ፣ ሳቅኩ። ባለቤቴ አልማዝ ከመኝታ ቤት ወጥታ ለረጅም ጊዜ አየችኝና ጠበል ብንሄድ ምን ይመስልሃል አለችኝ። ሁለተኛውን ቀን አላነበብኩትም።

ሦስተኛው የአንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ትዝታ ነው። በየስብሰባው ሁሉም ሲያጨበጭብ እሳቸው ብቻ ተቃውመዋል። ስልሳ አራት ገጽ ሙሉ ሲቃወሙ ታግሼ አብሬያቸው ቆየሁ። ከዚያ ግን ይኼን ያህል የተቃወመ ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ ወንበሩ አልተነቃነቀም ብዬ ተሰናበትኳቸው። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ እሳቸው ግን የነበሩም አልመሰለኝ።

የተውኳቸውን የማጠራቅምበት ካርቶን አለኝ። በጎኑ በወፍራም እስክሪብቶ «ያለቀላቸው» ብዬ ጽፌበታለሁ። አበቃላቸው፣ ከኔ ጋር ጉዳያቸው ተዘጋ ለማለት ነው። ካርቶኑ ሲሞላ አልማዝ ጊደር መጋላ ወስዳ ለቅመም ነጋዴዋ ለአዴ ሩቂያ ትሰጣታለች። አዴ ሩቂያ ደግሞ ቅጠል ቅጠሉን እየገነጠለች ኮረሪማና ቅርንፉድ ትጠቀልልበታለች፣ ለኛም ምራቂ ታበዛልናለች። አዴ ሩቂያ በእናቴ ዕድሜ ናት። «አንቺ» የምላት ንቄ አይደለም፤ «እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል፣ አቦ ተወኝ» ብላ ራሷ ስለከለከለችኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው። ሐረር ስለተባለ ጅብ ይመጣል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አይመጣም፤ የሆነው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ነው። ቢጨልም ይሻለኝ ነበር። በጨለማ የፈራ ሰው ቢያንስ የሚያሳብብበት አለው።

አንድ ቅዳሜ የገዛሁትን ቅርንፉድ ቤቴ ወስጄ ስፈታው መጠቅለያው መቶ አርባ አንደኛው ገጽ ነው። ሰውየው ጣሪያ ያያል። አጋጣሚ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር አዝሙዱ የመጣው በባለሥልጣኑ ስልሳ አምስተኛ ገጽ ተጠቅልሎ ነው፤ አሁንም እየተቃወሙ ነው። ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ቅጠል አለ? ከዚያ ሁሉ ተለይቶ፣ ልክ ከተውኩበት ቀጥሎ ያለው ቅጠል ተከትሎኝ ቤቴ ሲገባ ምን ልበል? ለአልማዝ ነገርኳት፣ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የቅመም መጠቅለያ ስፈታ መጀመሪያ የገጹን ቁጥር ማየት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ደብተሩ። ጋሽ በላቸው አማርኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በትምህርት ቤት ድርሰት ጻፉ ሲሉን መሐል ላይ አቁሜ የምሰጣቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸውም በቀይ እስክሪብቶ «ከዚያስ?» ብለው ይመልሱልኛል። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረዋል፤ በእጃቸው፣ በደብተር፣ በቅጠሉ አንድ ፊት ብቻ። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለሄደ ፊደላቸው ገጽ በገጽ እየተለቀ ነው የሚሄደው። መጀመሪያው ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክለው ፊደል ወደ ኋላ ሲሄዱ ባቄላ ያክላል። ረቂቁን ምስጥ በልቶታል፣ ሌላ ቅጂ የለም። ደብተሩን በሁለት እጃቸው ሲሰጡኝ ሽፋኑ ላይ «ያለቀለት» ብለው ጽፈውበታል፤ ተጣርቶ የተገለበጠ፣ ከዚህ በኋላ እርማት የሌለው ማለታቸው ነው። መጀመሪያ አንተ አንብበው አሉኝ።

አስተማሪዬ ናቸው ብዬ አላዳላም፤ አልጣመኝም። አቶ ጅምሩ የሚባል ሰው አለ። ሁሉን ይጀምራል፣ ምንም አይጨርስም። ግማሽ አጥር ያጥራል፣ ግማሽ ማኅበር ይጠጣል፣ ግማሽ ቂም ይይዛል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የት አገር አለ? የማይታመን ገጸ ባሕርይ ነው ብዬ አስራ አንደኛው ገጽ ላይ ጥግ አጠፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈረስ መጋላ ላይ ተገናኘን። ጋሽ በላቸው ድምፄን ሰምተው ነው ያወቁኝ፤ ፊት መለየት ከተዉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጨረስከው ወይ አሉኝ። እዚህ ላይ ሐቀኝነቴ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀና ብለው፣ አገጫቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ሲጠብቁኝ አይቼ ጨክኜ እውነቱን መናገር አቃተኝ። «እንዴታ ጋሼ! ግሩም ነው፤ በተለይ መጨረሻው!» አልኳቸው።

ክንዴን ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ለዓይናቸው ድሬ ዳዋ ሂዱ ከተባሉ ቆይተዋል፤ የሐኪሙን ቢላዋ ፈርተው ነው የቀሩት። «እንግዲህ ነገ እሄዳለሁ» አሉኝ። «በስምንተኛው ቀን እመለሳለሁ። ዓይኔ ከበራ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው ደብተሬን ነው። ይዘህልኝ ና።»

ዓርብ ጠዋት ከቢሮ ወጣ ብዬ ለአልማዝ ኮረሪማ ገዛሁ። ለምሳ ቤቴ ገብቼ መጠቅለያውን ስፈታው እትም አይደለም፣ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀይ እስክሪብቶ የያዘው እጅ ነው። ከላይ አስራ ሁለት የሚል ቁጥር አለው። እንዲህ ይላል፤ «አቶ ጅምሩ ኮረሪማውን አስጠቅልሎ ሲመለስ ግራ እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቤቱ ገብቶ መጠቅለያውን ሲፈታ የሚያውቀውን የእጅ ጽሑፍ አየ።»

ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁት።

ውጭ ፀሐይ ነው፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፣ ወጥ ይሸታል፤ እኔ ደግሞ አንገቴ ሥር አንድ ሰው ቆሞ የሚተነፍስ ይመስለኛል። አልማዝን ደብተሩ የታለ አልኳት። ረጋ ብላ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው፣ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት አለችኝ። ለምን? «ካርቶኑ ያለቀላቸው ይላል፤ ደብተሩ ያለቀለት ይላል። ታዲያ የት ልክተተው?» አለችኝ። ፍረዱኝ። ጋሽ በላቸው ተፈጸመ ሲሉ የጻፉት ቃል በኔ ካርቶን ላይ አበቃለት ሆኗል። አማርኛችን እንዲህ ነው፤ የሠመረለትንም የሞተበትንም በአንድ ቃል ይሸኛል። ካርቶኑስ አልኳት። ማክሰኞ ለአዴ ሩቂያ ሰጠሁት አለች።

ምሳዬን ትቼ ወረድኩ። (እሱንም አልጨረስኩም።) ጊደር መጋላ ስደርስ የጁምዓ ሰዓት ነው። በሌላ ጊዜ ሰው ከሰው የሚጋፋበት ገበያ ጭር ብሏል። ጆንያዎቹ ሸራ ለብሰዋል፣ ሚዛኖቹ ባዶአቸውን ይወዛወዛሉ፣ ነፋሱ የበርበሬ ብናኝ በመንገዱ መሐል እየጎተተ ያልፋል። ከዚያ ሁሉ ጭርታ መካከል አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አዴ ሩቂያ ናት። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። ታነባለች።

ሳታየኝ «አስራ ሁለተኛዋ ደረሰችህ?» አለችኝ። ከየት አወቅሽ አልኳት። ስቃ «አቦ፣ የአንተን መጽሐፍ ለማወቅ ጠንቋይ ያስፈልጋል እንዴ?» አለችኝ። ጥግ እስካጠፍኩበት ድረስ ያለው ቅጠል የጣት እድፍ አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ሕፃን ጥርስ ንጹሕ ነው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ገዝታ አታውቅም፣ ግን ሳታነብ የጠቀለለችበት አንድ ቅጠል የለም። የኔን መጽሐፍ ብቻ ከታጠፈው ጀምራ ነው የምታነበው፤ የኔን እድፍ አትፈልግም። «አንድ ቅጠል ብትቀምስ ቀሪውን ትጠይቀኛለህ ብዬ፣ ከተውክበት ቀጥሎ ያለችውን ሁልጊዜ ለአንተ አስቀምጣለሁ። ወላሂ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ መጀመሪያ ብቻ፣ እሷ መጨረሻ ብቻ ስናነብ ኖረናል። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ ነን። ያ ጣሪያ የሚያየው ሰውዬስ መጨረሻው ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳት። «ሙት ነው እኮ!» አለች ተገርማ። «ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሬሳ ነው። ለዚህ ነው ሚስቱ የምታለቅሰው። አልገባህም?» አልገባኝም ነበር። ሬሳ ቁርስ ይብላ እያልኩ መቶ አርባ ገጽ ተጨቃጭቄያለሁ። ባለሥልጣኑስ? በመጨረሻው ምዕራፍ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። አንባቢ እስከዚያ ድረስ እንደማይደርስ እርግጠኛ የነበሩ ይመስለኛል።

የደብተሩ አስራ ሰባት ቅጠል ተገንጥሎ ሄዷል። አስራ አንዱ የኔ እድፍ ያለባቸው፣ አንዷ የደረሰችኝ፣ አምስቱ እሷ አንብባ የጨረሰቻቸው ናቸው። የሰው ንብረት መሆኑን አላወቀችም፤ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና «አስተግፊሩላህ» አለች። የትኛዋ ቅጠል ከየትኛው ቅመም ጋር ወደ ማን ቤት እንደሄደች ግን አንድም ሳይቀር ነገረችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች እየዞርኩ ለቀምኩ። አንዱን ከቆሻሻ ቅርጫት፣ አንዱን ከመስኮት ስንጥቅ፣ አንዱን ከሕፃን አፍ አስጥዬ አገኘሁ። የመጀመሪያዎቹን አስራ አንድ ገጾች እርድ ተቀብተው እንደገና ሳነባቸው፣ ልናገረው፣ ግሩም ናቸው። ሰው ያጣውን ነገር ሲያነብ ዓይኑ ይበራል መሰለኝ።

ያላነበብኳቸው ግን አስፈሩኝ። አስራ አምስተኛዋ ኤረር በር አጠገብ አንድ ቤት አብሽ ተጠቅልሎባት ሄዳለች። ደጃፍ ቆሜ አብሹን አልፈልግም፣ ወረቀቱን ብቻ ስጡኝ አልኩ። እመቤቲቱ ወደ ውስጥ ገብታ ወረቀቱንና አንድ ጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች። እየጠጣሁ አነበብኩ፤ «አቶ ጅምሩ የሰው ደጃፍ ቆሞ ወረቀት ሲለምን፣ ባለቤቲቱ ያመመው መስሏት ውሃ ሰጠችው።» ውሃው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ አይዞህ እያለች ጀርባዬን መታችኝ። ገጹ ላይ ይኼም ተጽፏል ብዬ ፈርቼ የቀረውን ሳላይ አጠፍኩት።

ቀሪውን ደብተር አዴ ሩቂያ ጎን ቁጭ ብዬ ሳልነሳ አነበብኩት። በሕይወቴ እንዲህ አንብቤ አላውቅም። አቶ ጅምሩ የሰው ሥራ አጥፍቶ ሲንከራተት፣ አስተማሪው ሩቅ አገር በሐኪም እጅ ናቸው። ፊደሉ እየተለቀ ይሄዳል። ከመጨረሻው ቀዳሚው ገጽ ላይ ይህ ብቻ አለ፤ «በስምንተኛው ቀን ከሁለቱ አንዱ ዓይኑን ገለጠ። ሌላው ግን»

ገለበጥኩ። የለም። የመጨረሻው ቅጠል የለም።

ሌላው ግን ምን? ማነው ሌላው? አንዱ ዓይኑን ከገለጠ ሌላው ሊከድን አይደል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መጨረሻ ስጠላ የኖርኩ ሰው፣ ላንዲት መጨረሻ አዴ ሩቂያ እግር ሥር ተንበረከኩ። እሷ ከጆንያዎቹ መሐል አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አወጣች፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ አሳየችኝ። ውስጡ በወረቀት ሞልቷል። በመጨረሻ ገጽ ጠቅልላ አታውቅም። የተውኳቸው መጽሐፎች ሁሉ፣ የዓመታቱ ሁሉ፣ መጨረሻቸው እዚያ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። የአንድን ሰው ድክመት እንዲህ ተጠራቅሞ ሳይ ፊቴን አዞርኩ። የደብተሩንም አላሳየችኝም። «ሰብር አድርግ፣ ታገስ ልጄ። ለአንተ ብሰጥህ ትጥላታለህ። ሰውየው ሲመለሱ ልጠይቃቸው መሄዴ አይቀርም፤ እኔው ይዤላቸው እመጣለሁ» አለችኝ።

አራት ቀን ሳልተኛ ከረምኩ። ለራሴ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ዓይናቸው ሳይበራ ቢቀር፣ ወይም በርቶ የተቀዳደደ ደብተር ቢያዩ፣ የቱ እንደሚብስ መወሰን አቃተኝ። ቅጠሎቹን በመርፌና ክር ሰፋኋቸው።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስገባ ጋሽ በላቸው ጥቁር መነጽር አድርገው ወንበራቸው ላይ ናቸው። አዴ ሩቂያ ቀድማኛለች፤ ጣሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልሐምዱሊላህ ትላለች። ቀዶ ጥገናው ሠምሯል፤ ለጊዜው ማንበብ ብቻ ተከልክለዋል። ደብተሩን ሰጠኋቸው። ዳበሱት። ስፌቱ ጣታቸው ላይ መጣ። «ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «ቅጠሉ እስኪረግፍ ነው የገለጥከው?» አሸተቱት። ምነው ኮረሪማ ኮረሪማ አለኝ አሉ። አዴ ሩቂያ ቀበል አድርጋ የኔ እጅ ነው፣ እኔም አንብቤዋለሁ አለች። ሁለት አንባቢ! አሉና እንደ ሕፃን ሳቁ።

ከዚያ የመጨረሻዋን አንብብልኝ አሉኝ። አዴ ሩቂያ ከጣሳው አወጣችና ሰጠችኝ። ፊደሎቹ ጡጫ ያክላሉ። «ሌላው ግን» ካለበት ቀጥዬ አነበብኩ።

«‹በተለይ መጨረሻው!› አለ።»

ሌላ የለም። ደብተሩ አለቀ።

ጋሽ በላቸው እጄን ያዙኝ። «ይቅር በለኝ ልጄ። አቶ ጅምሩ አንተ ነህ፤ ገብቶሃል። ከልጅነትህ ጀምሮ ስላየሁህ፣ ሳታነበው ለጥቅልል ሰጥተህ እንዲህ ብለህ የምትዋሸኝ መስሎኝ ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ፈረስ መጋላ ላይ የመጨረሻ ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ ስትመልስልኝ ግን፣ እስከ ዳር አንብበህ፣ ራስህን አይተህ፣ ሳትቀየመኝ እየቀለድክብኝ እንደሆነ ገባኝ። እንዴት እንዳፈርኩ! አንድ ሰው ከጨረሰልኝ ዓይኔም ቢጠፋ ይጥፋ ብዬ ነው ቢላዋውን የደፈርኩት» አሉኝ።

ሰው ይኼን ሰምቶ ዝም ይላል? አይልም። ቢያንስ አንድ ነገር በሕይወቴ እስከ መጨረሻው ልናገር ብዬ ቆረጥኩ። «ጋሼ» አልኩ፣ «እውነቱን ልንገርዎት። እኔ ያን ቀን ደብተሩን...» አልኩና ቀና ስል መነጽራቸውን አውልቀዋል። ሁለት ዓመት ጥላ ብቻ ያዩ የነበሩ ዓይኖች ፊቴን ያዩታል፣ በደስታ እንባ አቅርረው።

የንግግሬን ጥግ አጠፍኩና ተውኩት። አዴ ሩቂያ ከጎኔ የጣሳዋን ክዳን ቀስ ብላ ከፈተች።